የዓርብ አንሶላ

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን ሁላችንንም አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ራስን ስለ ማሻሻል አስተማረን። አየር ማቀዝቀዣው ከአሠልጣኙ በላይ ይጮኻል። አሠልጣኙ ከፓሪስ የመጣ፣ በጅቡቲ ሙቀት ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነበር። ነጭ ወረቀት አደለንና፣ «ከቤት ውስጥ ሥራ ሁሉ በጣም የሚሰለቻችሁን ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ምን የሕይወት ትምህርት እንዳገኛችሁበት ጻፉ» አለን።

ስድስት ዓመት ወደብ ላይ የሌላ ሰው ኮንቴይነር ከጉምሩክ ሳስለቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መሰልቸትን የሚያስተምረኝ አላስፈለገኝም ነበር። ግን ቶሎ ጨርሼ ለመውጣት ስል ጻፍኩ። «አንሶላ ማጠፍ። ጠርዙ ካልገጠመ ፈትቶ እንደገና መጀመርን፣ ሥራን ሳያስተካክሉ አለመልቀቅን ከአክስቴ ተምሬአለሁ።»

አሠልጣኙ ጮክ ብሎ አነበበው። ተጨበጨበልኝ። አለቃዬ ሳይቀር ዞር ብሎ አየኝ።

የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። አሥራ ስምንት ዓመት ያመንኩበት ነገር ነው። ስህተት ብቻ ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ የአባቴ አባት ወልደየሱስ ከባቡር ሥራ ጡረታ ሲወጡ በያዟት ሁለት ክፍል ቤት ከእናቴ ከውብነሽ ጋር እንኖራለን። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። እናቴ የምስር ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ታናሽ እህቷ አዳነች እሷን ብላ ከድሬዳዋ መጥታ፣ ኤሮን ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ሠራተኛ ሆና ገብታለች። እኛ ቤት እታዱ ነው የምትባለው። እዚያው ታድራለች፤ አትወጣም።

አንድ ሐሙስ ማታ እናቴ ዘይቱን እያጠለለች፣ «ከነገ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ እየሄድሽ እታዱን ታግዣታለሽ» አለችኝ።

«ለምን እኔ?»

«ሥራ ትለምጃለሽ።»

«ዓርብ እኮ ትምህርት የለም!»

«ለዚህ ነዋ ዓርብ ያልኩሽ።»

የዚያን ሳምንት በዲክቴ፣ በፈረንሳይኛው የቃል ጽሕፈት፣ ከሃያው አምስት ብቻ አግኝቼ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ቅጣት ነው። እናቴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቪላው ድረስ ሄዳ፣ «ጠያቂ አይገባም» ተብላ ከበር መመለሷን አላውቅም። በሦስተኛው፣ «እኔ እንኳን ለመግባት አይደለም። ልጄ ሥራ እንድትማር ነው፤ በነፃ ታግዛት» ብላ ማስፈቀዷንም የሰማሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

የቪላው ዘበኛ ሙሚን ይባላል። ፌስታሌን ከፍቶ ሳምቡሳዎቹን ያያል፣ አንድ ያነሳል፣ «እለፊ፣ የሳምቡሳዋ ልጅ» ይለኛል። ዓርብ ስለሆነ እታዱ የአሠሪዋን የማዳምን ፍየልና ሩዝ አትበላም፤ ጾም ነው። እናቴ የምስሩን የምትልከው ለዚያ ነበር። እኔ ግን ሳምቡሳው የሙሚን መግቢያ ዋጋ ይመስለኝ ነበር።

ማዳም ራህመት ምድር ቤት ያሉትን ስድስት ክፍሎች ወደብ ላይ ለሚሠሩ የውጭ ሰዎች ታከራያለች። በየሳምንቱ የሁሉም አልጋ አንሶላ ይቀየራል፤ የቤተሰቡ ሲጨመር ሃያ አራት ይሆናል። እታዱ ጠዋት አጥባ ጣሪያው ላይ ታሰጣለች። የባሕሩ ነፋስና የቧንቧው ጨዋማ ውሃ ተጋግዘው በግማሽ ሰዓት እንደ ካርቶን ያደርቁታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ስደርስ ሲሚንቶው በጫማዬ በኩል ያቃጥለኛል። ከውሃው ታንከር ጥላ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ጥላው እዘላለሁ። ከሩቅ የወደቡ ክሬኖች ይታዩኛል። ታች የቤቱ ወንዶች ጫት ይዘው ተቀምጠዋል። ጣሪያው ላይ ባለችው ክፍል ደግሞ የማዳም እናት ተኝተዋል፤ ቤቱ ሁሉ በሱማልኛ አዬዮ፣ አያት፣ ነው የሚላቸው። ከተቀሰቀሱ ቀኑን ሙሉ ይቆጣሉ። ስለዚህ እዚያ መጮህ ቀርቶ እንደ ሰው ማውራትም አይቻልም።

አንሶላ ሁለት ሰው ሆኖ ሲታጠፍ እንዲህ ነው። እሷ ሁለት ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሁለት ጫፍ እይዛለሁ። ወደ ኋላ እንሄዳለን። ሳብ አድርገን እናራግፈዋለን። ጫፍ ከጫፍ እናገጥማለን። ከዚያ ወደፊት ተራምደን እንገናኝና የእኔን ጫፎች እሰጣታለሁ፤ ጎንበስ ብዬ የታጠፈውን አነሳለሁ፤ እንደገና ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደፊት። ለአንድ አንሶላ ሦስት ጊዜ እንገናኛለን። እታዱ የምታወራኝ ስንገናኝ ብቻ ነው፤ በየግንኙነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አፍንጫዋ አፍንጫዬን ሊነካ ሲደርስ።

«ድሬዳዋ ቤታችን አጠገብ ቦንሳ የሚባል ውሃ ሻጭ ነበር።»

ወደ ኋላ። ሳብ። ወደፊት።

«አንዲት አህያ ነበረችው።»

ወደ ኋላ። ወደፊት።

«የባቡር ሐዲድ አልሻገርም አለች።»

«ለምን?»

«ቀስ! አዬዮ ይነቃሉ።»

ያቺ አህያ ሐዲዱ ጫፍ ደርሳ ቀጥ ትላለች። ውሃው የሚቀዳው ወዲህ ነው፣ ደንበኛው ወዲያ ማዶ። ቦንሳ በየሳምንቱ አዲስ ዘዴ ያመጣል። የሚስቱን ሻሽ ዓይኗ ላይ አሰረላት፤ በእግሯ ሐዲዱን ዳብሳ ተመለሰች። ሐዲዱን በአፈር አለበሰላት፤ አፈሩን አሽትታ ተመለሰች። በቂጧ በኩል እየገፋ ወደ ኋላ ሊያስኬዳት ሞከረ፤ ያን ቀን ባቡር መጥቶ ሹፌሩ ወርዶ አብሮ ገፋ።

«ለምን ሸጧት ሌላ አይገዛም?» አልኳት፣ ስንገናኝ።

እንደገና እስክንገናኝ ድረስ አሰበችበት። «ማን ይገዛታል? አገር ያወቃት አህያ!»

ለመሳቅ አፌን በአንሶላው አፈንኩት። ጨው ጨው ይላል።

ወሬዋን እወድ ነበር። የማልወደው ሥራዋን ነው። አንሶላው አልቆ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲቀመጥ፣ አንስታ ወደ ብርሃን ታዘነብለውና፣ «አልገጠመም» ትላለች።

«ገጥሟል እኮ!»

«እዚህ ጋ እዪ።»

አያለሁ። ምንም አይታየኝም። እሷ ግን ፈትታዋለች፤ ሁለቱ ጫፎች እጄ ላይ ናቸው፤ ወደ ኋላ። አንዳንዱን አንሶላ ሦስት ጊዜ አጥፈነዋል። መጨረሻ መጨረሻው ላይ ይብስባታል፤ አራት አንሶላ ሲቀር አንዱም አይገጥምላትም። በዓለም ላይ እንደ እሷ ያለ ጥንቁቅ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ማዳም የእታዱን ፓስፖርት ከራሷ ወርቅ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ እንደምታስቀምጥ ሲነገረኝ እንኳ አልገረመኝም። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ብትወደድ ምን ይገርማል? ለክፍሌ ልጆች በኩራት ነው የነገርኳቸው።

ቤት ስገባ ደግሞ የእናቴ ጥያቄ ይጠብቀኛል። ጫማዬን ሳላወልቅ ትጀምራለች።

«በላች?»

«በላች።»

«ምን ለብሳለች?»

«ልብስ።»

«አንቺ ልጅ! እጇስ? ፊቷስ? ሳቀች?»

«ደህና ናት አልኩሽ እኮ!»

ሁልጊዜ «ደህና ናት» ነው የምለው፤ ቶሎ ያልቃልና። እናቴ ስለ እኔ ሥራ አንድ ቀን አለመጠየቋ ቅር ይለኝ ነበር። ስንት አንሶላ እንዳጠፍኩ እንኳ አልጠየቀችኝም።

ይህ ሁሉ ስድስት ወር ቆየ። ከዚያ ሶልያና የምትባል የክፍሌ ልጅ ልደቷን ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አደረገችው። የአይስክሬም ኬክ እንደሚኖር ሰምተናል። የአይስክሬም ኬክ አይቼ አላውቅም። በጅቡቲ ሙቀት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዘገየ ሰው የሚያገኘው ሾርባ ነው።

ያን ዓርብ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። ሦስት አንሶላ እንዳጠፍን እታዱ ለወንዶቹ የበረዶ ውሃ እንድታወርድ ከታች ተጠራች። «ነይ እስክልሽ ጥላው ውስጥ ተቀመጪ» አለችኝ። ቦንሳ በዚያ ሳምንት ሐዲዱ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ነበር፤ አህያዋ አንድ እግሯን አንስታ እንደቆመች ነው የተለያየነው።

አልተቀመጥኩም። የአንሶላውን ሁለት ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ቆንጥጬ ሌላውን ሁለት ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ገመዱ አያወራም፣ «አልገጠመም» አይልም፣ አይፈታም። ሳብኩት፣ አራገፍኩት፣ አገጠምኩት። ሠራ። ሁለተኛውን ደገምኩት። እታዱ ስትዘገይ ጭራሽ ፈጠንኩ። ልቤ እየመታ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አሥራ ሰባት አድርሼ ቀና ስል፣ ማዳም ራህመት በሩ ላይ ቆማለች። እናቷን ልታይ ወጥታ ነው። ነጭ ሻሽ አድርጋለች፤ ክንዷ ላይ አምባሯ ያብረቀርቃል።

«ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አለችኝ በፈረንሳይኛ።

ፈረንሳይኛዬን አስተካክዬ፣ ልክ መምህር ፊት እንደቆምኩ መለስኩላት። «ማንም አይደለም ማዳም፤ ራሴ ነኝ። አንድ ሰው ይበቃል። ሁለት ሰው አያስፈልግም።»

ሳቀች። ጭንቅላቴን ሳመችኝ። ሽቶዋ ቀዝቃዛ ነበር። ከእናቷ ክፍል ፍሪጅ አንድ ቆርቆሮ ጭማቂ አውጥታ ሰጠችኝ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው የተናገርኩትን ከልቡ ሲያዳምጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማዳም ስትወርድ የቀሩትንም አጥፌ ጨረስኩ። እታዱ ስትመለስ የተከመረውን አየች።

«ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት!»

ከላይ ያለውን አነሳች፤ ወደ ብርሃን አዘነበለችው። ምን ልትል እንደሆነ ስላወቅኩ ቀደምኳት። «ገጥሟል! ልደት አለብኝ እታዱ፣ ልሂድ።»

«ቦንሳ እኮ ምንጣፉን…»

«በሚቀጥለው ዓርብ!» ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ኬኩ አልቀለጠም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር፤ እስከ ዛሬ ጣዕሙን አስታውሳለሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሙሚን ፌስታሌን አልከፈተም። «ማዳም ምን አለች መሰለሽ፣ ልጅቷ ሕፃን ናት፣ በዚህ ፀሐይ አትልፋ፤ አዳ ብቻዋን ትችለዋለች። ነፃ ወጥተሻል፣ የሳምቡሳዋ ልጅ!» አለኝ፤ እታዱን እዚያ ቤት አዳ ነው የሚሏት። ለእኔ ደስ ብሎት ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ሳምቡሳውን እየበላሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ብልህ ሰው ሥራውን ያሳጥራል፤ ያሳጠረ ነፃ ይወጣል። የዚያን ዕለት ትምህርቴ ይሄ ነበር። አሠልጣኙ ቢሰማው ይወደው ነበር።

ለእናቴ ፌስታሉን አስረክቤ የሆነውን በሙሉ ነገርኳት፤ የማዳምን መሳም ጭምር። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልመታችኝም። ዘይቱ ምድጃው ላይ ሲጨስ ተነስቼ እሳቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ራሷ ኤሮን ሄደች፤ ስትመለስ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ከዚያ በኋላ እንደገና ሄደች። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ አላየኋትም።

በአራተኛው ወር ድሬዳዋ ያሉት አያቴ፣ የእናቴና የእታዱ እናት፣ ሞቱ። እናቴ ሄዳ ቀብራ ተመለሰች። ጎረቤቶች ቤታችንን ሞልተው ተቀመጡ። እኔ ውሃ አቀርባለሁ፤ የሚያወሩት ስለ እታዱ ነበር።

«አዳነችንስ ማን ያርዳት?»

«በዘበኛ አፍ? በሰው ግቢ፣ አጠገቧ ሰው ሳይኖር?»

«የእናት መርዶ በበር አይወረወርም።»

«እኔ ዘበኛውን አውቀዋለሁ፤ ሄጄ ልንገርላችሁ?» አልኩ፣ ትሪውን እንደያዝኩ።

አንዷ ሴት ትሪውን ከእጄ ተቀበለችኝ። እናቴ ዞር ብላም አላየችኝም።

እታዱ ከቪላው የወጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ከስታለች። ስታወራ ቃል ትፈልጋለች፤ አማርኛዋ ዝጓል፣ በሱማልኛ ጀምራ ትቆማለች። ሻንጣዋን ከፍታ አረንጓዴ ቀሚስ አወጣች።

«ለእማማ ነው። ይሆናት ይሆን? እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለች እናቴ። እኔ ዓርብ ዓርብ እንደምለው፣ በዚያው ድምፅ።

አብልታ አስተኛቻት። ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ በአንድ ገቡ። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። እታዱ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ ሴቶቹ ሁለቱን እጆቿን ያዙ። መጀመሪያ አልጮኸችም። «መቼ?» አለች። ነገሯት። ቀሚሱን አልጋው ላይ ስታየው ነው የጮኸችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ! ሁለት ዓመት ሙሉ ዕድሜዋን አርዝምልኝ ስል!»

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደደብ አልነበርኩም። ግን የማዳምን መሳም ከዚያ ጩኸት ጋር አላገናኘሁትም። ማገናኘት የጀመርኩት ቀስ በቀስ ነው፤ አንድ ነገር በገባኝ ቁጥር ሌላ ሥራ እያበዛሁ።

ከሥልጠናው በኋላ በነበረው ዓርብ እናቴ ደወለች። ጉልበቷ ሩቅ መንገድ አያስኬዳትም። «ሳምቡሳ ሠርቻለሁ፤ ለእህቴ አድርሺልኝ» አለችኝ። እታዱ አሁን ሃያብለ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ግድግዳ ያላት አንድ ክፍል ተከራይታ፣ የሁለት እንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ እያጠበች ትኖራለች። ከሄድኩ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ይበዛል። በሚኒባስ ተጨናንቄ፣ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ እየነዘረ ደረስኩ።

ግቢው ውስጥ ናት። ሁለቱን ጫፍ ገመዱ ላይ ቆንጥጣ፣ ሁለቱን ይዛ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ሳብ፣ ራገፍ፣ ግጥም። እጇ ፈጣን ነው። ሄጄ አንዱን ጫፍ ልይዝላት ስል፣ «ተይው፣ አንድ ሰው ይበቃል» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ፌስታሉን ይዤ ቆምኩ። የሥልጠናውን ነገር አወራሁላት፤ ወረቀቱን፣ ጠርዙን፣ ጭብጨባውን። ሳቋ መጣ። በጣም ስቃ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች።

«የምን ጠርዝ?»

«አልገጠመም እያልሽ ስትፈቺው!»

«ፅዮናዊት፣ ጠርዙ እኮ ሁልጊዜ ይገጥም ነበር። ቀኑን ሙሉ አንሶላ የማጥፍ ሰው ጠርዝ ያቅተኛል?»

«ታዲያ ለምን ትፈቺዋለሽ?»

«ካለቀ ትሄጂያለሻ።» ላቧን በክንዷ ጠረገች። «ሳምንቱን ሙሉ 'አዳ ውሃ፣ አዳ በር' ነው። አንቺ ስትመጪ ነው አፌን የምከፍተው። አራት ሲቀር ፍርሃት ይይዘኝ ነበር።»

ዶሮ መጥታ ፌስታሉን ነካች፤ በእግሬ መለስኳት።

«ለማዳም እኔ ነኝ የነገርኳት» አልኩ። «አንድ ሰው ይበቃል ብዬ።»

«አውቃለሁ። ያንኑ ዕለት ማታ ነገረችኝ፤ 'የእህትሽ ልጅ ብልህ ናት' ብላ። መቆንጠጫውንም ያሳየችኝ እሷ ናት።»

«ተናደድሽብኝ?»

አሰበችበት። «መርዶዬን ከሰማሁ በኋላ፣ አዎ። ሁለት ዓመት ያህል። ከዚያ ደከመኝ።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ግን ተነስታ አዲስ አንሶላ ቆነጠጠች። ይቅርታዬ ሥራ እንዲያስፈታት የፈለገች አልመሰለኝም።

«ያቺ አህያስ?» አልኳት። «ምንጣፉ ላይ አንድ እግሯን አንስታ ነበር። ተሻገረች?»

«እኔ እንጃ። ወደዚህ ስመጣ በባቡር ነበር። በመስኮት ሳይ ሐዲዱ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ቦንሳም አጠገቧ ተቀምጧል።»

አንሶላውን አጥፋ ከመረችው። ስልኬ እንደገና ነዘረ፤ ሰኞ የሚገባ መርከብ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ነው። ስልኩን ፌስታሉ ውስጥ ከሳምቡሳው ጋር ጨመርኩት። ከክምሩ ላይ የመጨረሻውን አንሶላ አነሳሁና ወደ ብርሃን አዘነበልኩት። ጠርዙ እንደ አዲስ ደብተር ገጥሟል።

«አልገጠመም» አልኳት።

«ገጥሟል እኮ።»

«እዚህ ጋ እዪ።»

መጥታ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ፣ በደከመ ዓይን። ፈታችውና ሁለት ጫፍ ሰጠችኝ።

ወደ ኋላ ሄድን። ሳብን፣ አራገፍን፣ ጫፍ ከጫፍ አገጠምን። ወደፊት ተራምደን ስንገናኝ፣ የሚቀሰቀስ ሰው ሳይኖር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ቦንሳ አንድ ቀን ደግሞ ምን አደረገ መሰለሽ» አለችኝ።